ገርባ እንዲመለስ የሠራሁት አቧራ መምጠጫ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ኃይለየሱስ፤
ሞላሌ

እንደምን ሰነበቱ አባዬ? ጉልበትዎ ከብርዱ ጋር ታረቀ ወይ? ወገብዎስ ቀና አለልዎ? እማዬ ዓይኗን ታይታ ተመለሰች ወይስ ዛሬም ነገ እያለች ነው? አዝመራው እንዴት ያዘ? ከብቶቹስ? ጎረቤቱስ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ክብር ምስጋና ለመድኃኔዓለም ይሁንና ደኅና ነኝ። ስልኩ እምቢ ስላለን ይህችን ወደዚያ ለሚወጣ ሰው አስይዣለሁ። ሰብለወንጌል ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ባለፈው በላኩብኝ መልእክት «ያ ለጥምቀት ይዘኸው የመጣኸው ልጅ ምነው ድምፁ ጠፋ?» ብለው ነበር። ገርባን ማለትዎ ነው። እስካሁን ያልመለስኩልዎት ነገሩ ለእኔም ስላልተጨበጠልኝ ነው። አሁን ለይቶለታልና ከሥሩ ላጫውትዎ።

ያቺን ኮምፒውተር የሚያዛት የእንጨት መቅረጫ ማሽን፣ ሲኤንሲ የምንላትን፣ ከገርባ ጋር በእጃችን እንደሠራናት ያውቃሉ። ሥዕሉን ከሰጠናት መቁረጫ ፑንታዋን እያሽከረከረች የአልጋ ራስጌም የበር ጌጥም ትፈለፍላለች። እርስዎ በመሮና በመዶሻ ሳምንት የሚለፉበትን ከቁርስ እስከ ምሳ ትጨርሰዋለች። ክፋቷ አቧራዋ ነው። የእርስዎ መላጊያ የሚጥለው ፍቅፋቂ ተጠርጎ ለእሳት ይሆናል። የእኛ ግን፣ ያውም ኤምዲኤፍ የሚባለው በሙጫ የተጠፈጠፈ ጣውላ ሲሆን፣ እንደ ዱቄት እየቦነነ ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ይውላል። ሻዩ ውስጥ ይገባል፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ሳንባም አይቀረውም። እኛም አፋችንን በጨርቅ አስረን እየተሳሳቅን ስንሠራ ከረምን።

ክረምቱ ሲገባ ገርባ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። እያደር ግን ትንሽ ሲራመድ ደረቱ ሲር ሲር ይል ጀመር። ሐኪሙ አስም መሆኑን፣ ያመጣበትም ይኸው አቧራ መሆኑን ነግሮ ከወርክሾፑ እንዲርቅ አዘዘው። ሚስቱ ጋዲሴ በማግስቱ መጥታ የምሳ ዕቃውንና ሹራቡን ወሰደች። እሱም ዱከም አንድ ፋብሪካ ዕቃ ማሸጊያ ክፍል ገባ። ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ሲመሽ ደክሞት ይመለሳል።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነኝ አባዬ። ጣውላውን ማሽኗ ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ አንዱን ጫፍ ወንበር ላይ አስደግፌ ሌላውን እገፋለሁ። ሥዕል ስንመርጥ የምንጨቃጨቀው ነገር ሳይቀር ናፈቀኝ። አሁን ያልኩት ሁሉ ትክክል ነው፣ የሚቃወመኝ የለም። ውዬ ውዬ ደንበኛ ሲመጣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው የማናግረው።

አቧራውን ካሸነፍኩት ገርባ ይመለሳል ብዬ ቆረጥኩ። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሜ ወደ ውጭ እንዲያስወጣው አደረግሁ። የአዳማን ነፋስ ግን አያውቁትም፤ የሰጡትን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቀጥዬ ከቁራሌው ያገለገለ የቫኪዩም ሞተር ገዛሁና በቱቦ ከፑንታዋ ሥር አገናኘሁት። እሱም ከረጢቱ ወዲያው ጢም እያለ መሳብ አቃተው።

ከዚያ ነው በርሜሉ የመጣው። ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ቀፎ ከላሜራ በይጄ በርሜል አናት ላይ ተከልኩት። አየሩ በጎኑ ይገባና እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። ሰጋቱራው ስለሚከብድ ግድግዳውን ታክኮ ቁልቁል በርሜሉ ውስጥ ይወርዳል፤ የቀለለው አየር በመሃል ሽቅብ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። አውድማ ላይ ገለባና ፍሬ እንደሚለያዩት ይቁጠሩት።

የመጀመሪያው በርሜል ፕላስቲክ ነበር። አንድ ቀን ቱቦው ታፈነ፤ ሞተሩ ግን መሳቡን አልተወምና በርሜሉ ጧ ብሎ ተጨማደደ። ደንግጬ እስከ ግቢው በር ሮጥኩ። ገርባ ቢኖር ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር። ለብቻዬ ግን ሳቁም አልመጣልኝ። በብረት በርሜል ለወጥኩት፣ ክዳኑ አየር እንዳያስገባ በመኪና ጎማ ካላማዳሪያ አሸግሁት፣ የፑንታዋን ዙሪያ በመጥረጊያ ጸጉር ጋረድኩት። ያመለጠውን ደቃቅ እንዲይዝልኝ ደግሞ ከሞተሩ በሚወጣው አየር ፊት የአይሱዙ የአየር ማጣሪያ ደቀንኩ።

ማሽኗን ባስነሳሁ ጊዜ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነበር። ጨረሩ ውስጥ የሚቦን ነገር አልነበረም። ቆሜ ብዙ አየሁት።

እሑድ ገርባ ቤት ሄድኩ። እሱ አልነበረም። ጋዲሴ ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝና መጀመሪያ እኔ ልየው አለች። መጣች። ነጭ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ማሽኗ አጠገብ አነጠፈችው፤ አንድ ሙሉ የበር ጌጥ እንድቆርጥም ጠየቀችኝ። እስክጨርስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ሻሹን ይዛ ወደ ፀሐይ ወጣች፣ አራገፈችው፣ በጣቷ ደባበሰችው።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ዋቃ ይስጥህ። ግን ዘካርያስ፣ ገርባ አይመለስም። ሐኪሙ ትንሽም ቢሆን አይጠጋው ብሏል። አንተን እምቢ ማለት ስለከበደው ነው የሚሸሽህ።»

ሻሿን አስራ ሄደች። እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀምጬ ቀረሁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ገርባ ራሱ ከሥራ ሲመለስ መጣ። ከስቷል፣ ሳሉ ግን ቀንሶለታል። በራፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ማሽኗን እንዳስነሳት ጠየቀኝና ከደጅ ሆኖ አዳመጠ። ቱቦው ቢያጥር አሳሳቡ ይጠነክራል አለኝ። እውነቱን ነው፣ በኋላ አሳጥሬዋለሁ። ከዚያ የወርክሾፑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። አንተው ጋ ይቀመጥ አልኩት። እሱ እጄን ይዞ መዳፌ ላይ አኖረው።

«ውሰደው ኦቦሌሳ» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። «እኔ ጋ ካለ እገባለሁ።»

ወሰድኩት። አሁን ሁለቱም ቁልፎች እኔ ኪስ ውስጥ ናቸው። እሑድ እሑድ ምሳ ና ብለውኛል፤ እሄዳለሁ። ሌላውን ቀን ወርክሾፑ ውስጥ እውላለሁ፤ እማዬ እንዳትሰጋ ይንገሩልኝ፤ አያስለኝም፣ ቤቱ ንጹሕ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ዓይኗን ሳትታይ ዳግመኛ የበግ ጸጉር እንዳትለብቅ፣ እንዳትፈትልም በሏት። አለማየሁ ትምህርቱን እንዲያጠብቅ፣ ለእርስዎም ውኃ መቅዳቱን እንዳይተው አደራ። እትዬ ፍሬሕይወትን ከነልጆቿ በያሉበት ሰላም በሉልኝ። ይህን የምታነቢው ሰብለወንጌል፣ አንቺንም በናፍቆት ስሜሻለሁ፤ አባዬ የሚልሽን ሳትቆርጪ ጻፊልኝ።

ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ዘካርያስ
አዳማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.