ጎን ለጎን የተቀመጡት አባቶች

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀ የልጅ ልጄስ? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽ ብቻ ከትናንት ጀምሮ በደስታ የምትሆነውን አጥታለች። ድልድዩ ሊከፈት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መታወቂያ የያዘ ሁሉ ወደ እናንተም ወደ እኛም ይሻገራል። ወሬውን በሬዲዮ ሰምተሽው ይሆናል፤ የአባትሽ እጅ እንዳለበት ግን ሬዲዮው አይነግርሽም።

ከመጀመሪያው ላጫውትሽ። ድልድዩ የተዘጋው፣ እንደምታውቂው፣ በተሳላሚዎች ሰበብ ነው። የእናንተ መንግሥት በእናንተ ዳር ወዳለው ቅዱስ ስፍራ የሚሄዱትን ሰዎቻችንን መለሰ፤ የእኛው ክብሬ ተነካ ብሎ ድልድዩን ቆለፈው። ይኸው ስድስት ዓመት። ማክሰኞ ልዑካኑ እኛ መሥሪያ ቤት ሲገናኙ ታዲያ ሁለቱም ወገን የሃይማኖት አባት ይዞ ቀረበ። እኛ ዘንድ ያለ አባቶች ይሁንታ ውል አይፈረምም። እናንተ ዘንድ ደግሞ ሃይማኖት የመንግሥትን ደጃፍ አይረግጥም፤ ስለዚህ የእናንተዎቹ አባታቸውን «የባህል አማካሪ» ብለው አስመዘገቧቸው። ረጅም ቀሚሳቸውንና ደረታቸው ላይ የወረደውን ጢማቸውን ግን ቅጹ ሊደብቀው አልቻለም።

የእኔን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ ወንበር፣ ባንዲራ፣ የስም ካርድ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማን ከማን ቀጥሎ ይቀመጣል እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «አባ ወንበር» ያሉኝ በከንቱ አይደለም። ያን ቀን ግን ተሳሳትኩ። የድርድሩን ጠረጴዛ በእራት ግብዣ ደንብ ደለደልኩት። በድርድር ሀገር ከሀገር ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው፤ በግብዣ ግን የሃይማኖት አባቶች፣ ከየትም ይምጡ ከየት፣ ከጠረጴዛው ራስጌ ጎን ለጎን ናቸው። ስህተቴን ያየሁት ሁለቱ ሽማግሎች ከተቀመጡ በኋላ ነው። ሚኒስትራችን በዓይናቸው ሊውጡኝ ደረሱ። ግን የተቀመጠ ሽማግሌ ማን ደፍሮ ይነሡ ይላል?

ጭቅጭቁ ገና በመክፈቻው ተነሣ። የእኛ ሚኒስትር «ያለ ጸሎት ስብሰባ አንከፍትም» አሉ። የእናንተው «ሕገ መንግሥታችን አይፈቅድም» አሉ። አንድ ቀን ተኩል እንደዚህ ሄደ፤ ድልድይ የሚል ቃል እንኳ ከማንም አፍ አልወጣም። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ የምሰማው ግን ሌላ ወሬ ነበር።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ይላሉ አንደኛው አባት በሹክሹክታ።

«ደረጃ ላይ ነው የሚከዳኝ።»

«የኔም እንደዚያው። ጉልበት ሃይማኖት አይለይም።»

ከዚያ ሁለቱም በጢማቸው ውስጥ ይስቃሉ።

በሁለተኛው ቀን፣ ምሳ ሊደርስ ሲል፣ የእናንተው አባት እጃቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ እኛ እኮ ጸልየን ጨርሰናል» አሉ።

«መቼ?» አሉ ሚኒስትራችን።

«እናንተ ስትጨቃጨቁ። እኔም በኔ፣ ወንድሜም በራሳቸው።»

የእኛው አባት ተቀበሏቸው። «ሰማዩን ለእኛ ተዉልን፤ እናንተ ድልድዩን ክፈቱ። ደግሞ ሰው ላይ በር ስትዘጉ የእኛን ስም አትጥሩ።»

አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ትናንት ተፈረመ። ወዲያው ሚኒስትሩ አስጠሩኝ፤ መባረሬ ነው ብዬ የኮቴን ቁልፍ ቆላልፌ ገባሁ።

«አቀማመጡን ማን አሰበው?» አሉኝ።

«ስህተት ነው፣ ክቡር ሚኒስትር።»

«ዝም ይበሉ። ሪፖርቱ ላይ በጥናት የተደረገ ነው ብለናል» አሉና ጨበጡኝ። ሳቄን ኮሪደሩ ላይ ነው የለቀቅሁት።

በስንብቱ ለእናንተው አባት ካፖርታቸውን ሳለብሳቸው፣ ልጄ በከተማዎ ትኖራለች፣ ባሏም ከምእመናንዎ ነው አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «አማችህ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቀውም። ድልድዩ ተዘግቶ…»

«ሠርጋቸው መቼ ነበር?»

ሰበቤ እዚያ ጋ አለቀ። ሠርግሽ ድልድዩ ከመዘጋቱ አርባ ቀን በፊት ነበር። አርባ ቀን ሙሉ ክፍት ነበር፤ አውቶቡሱም በየሰዓቱ ይሄድ ነበር። እኔ ግን «በእምነታችን ካልሆነ» ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ እናትሽንም አስቀረኋት። ድልድዩ ሲዘጋ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝን ሁሉ «መንግሥት ዘጋብኝ» እያልኩ ኖርኩ። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ።

ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይህን በእናንተ ልዑካን አስተርጓሚ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ደግ ሴት ናት፣ ሻይ ሳታጠጫት አትስደጃት። ድልድዩ የሚከፈት ቅዳሜ እናትሽን ይዤ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሻገራለሁ። አዲስ ጫማ ገዝታ ከአሁኑ ሳሎን ውስጥ እየተለማመደችበት ነው፤ እንቅልፍ ነሥታኛለች።

ትዳራችሁን ያጽናላችሁ፣ ልጃችሁን ያሳድግላችሁ፣ ቤታችሁን ሳቅ አይለየው። ሥራ ከያዘሽ እኛን ለመቀበል አትድከሚ፤ ሰው ጠይቄ ቤታችሁን አገኘዋለሁ። በሩን የሚከፍትልን ባልሽ ከሆነ ግን እንዳይደነግጥ ቀድመሽ ንገሪው፤ ከአንቺ በፊት የምስመው እሱን ነው።

አባትሽ