የጀልባዬ የፊት ሸራ መጠቅለያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ጧት 2 ሰዓት

ሸራውን አጥር ላይ አሰጣሁት። ክረምቱን ጆንያ ውስጥ ከርሞ አይጥ አንድ ጥጉን ቀምሳዋለች። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፣ ትጣፋለች። ጀልባዋ ደህና ናት። ግቢያችን ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጣ ዶሮዎች ከሥሯ ይጭራሉ። ባሕር ዳር ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ወዳጄ አገሩ ሲገባ ነው የሰጠኝ። ያኔም አሮጊት ነበረች። በየዓመቱ ዝናቡ ሲገባ በአይሱዙ ተጭና ፍ/ሰላም ትመጣለች፤ ጎረቤቱም ኖኅ እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ደብተሬ፣ የዘንድሮው ጭንቀት አንድ ነው፤ የፊት ሸራው። ጣና ላይ ነፋስ ሲበረታ መሪውን ለቅቄ፣ በጉልበቴ ድኼ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ደርሼ፣ ሸራውን ከምሰሶው በተወጠረው የፊት ሽቦ ላይ የያዙትን መንጠቆዎች አንድ በአንድ ነው የማወርደው። አምና እንዲያ ስል ወደቅሁ። ዳር ላይ ነበር፣ ቆሜ ወጣሁ። ባለቤቴ ትሁኔ ግን አየችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቃሏ አንድ ነው፤ አንተ እየዳኽህ እኔ አልሳፈርም፣ አንተም ብትተወው ይሻላል። እሷ ሳትኖር ደግሞ ጣና ምን ያደርግልኛል? ለብቻ ውሃ ማየት ሰለቸኝ።

አንድ ባለ ሆቴል ጀልባዋን ሊገዛኝ ይፈልጋል። በሩ ላይ አቁሞ አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት። እስከ ኅዳር ሚካኤል መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ። አበባ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሦስት መንገድ አለ። ስልክ ላይ ስፈልግ ዋልኩ።

የውጭ አገሩ ዕቃ ያምራል። ሸራው የፊት ሽቦው ላይ ይጠቀለላል፣ ከሥሩ ከበሮ አለ፣ ሰውየው ከኋላ ተቀምጦ ገመድ መሳብ ብቻ። ዋጋው ግን ጀልባዋን ከነባለቤቷ ይገዛል። ሌላው፣ መንጠቆው እንዳለ ሆኖ ሸራውን ቁልቁል የሚጎትት ገመድ ማሰር ነው። ርካሽ ነው። ሸራው ግን ወርዶ አፍንጫዋ ላይ ይከመራል፣ ነፋስ ያነሳዋል፣ እኔም ልይዘው እድኻለሁ። ዞሮ ዞሮ እዚያው። የቀረው ራስ መሥራት።

አናጺነት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ይሄን ካልመረጥኩ ማን ይምረጥ? ለትሁኔ ነገርኳት። ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ የሚነቃነቀውን ቁም ሳጥን የሠራሁ ዕለትም ነበረች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፤ ማታ

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። ጌትነት የድሮ ተማሪዬ ነው፣ ባጃጅ ይጠግናል። የሳልኩትን ሥዕል አገላብጦ አየና፣ መ/ር፣ ይሄ ሐይቁን ይዞ ነው የሚመጣ? አለኝ። ከባጃጅ ጎማ የወጣ ኩሽኔታ ሁለት ሰጠኝ፣ አንዱ ለላይ አንዱ ለታች። ከበሮውን ከቧንቧ ቆርጦ በየደው። ነገ ልሞክረው ብዬ ወጥሬ ያዝኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ መከረኝ። ተማሪ አድጎ መምህሩን ሲመክር ደስ ይላል። አልሰማሁትም እንጂ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፤ ከቅዳሴ መልስ

ጉድ ሆንኩ።

ምሰሶውን እዚያው ግቢ ውስጥ ጀልባዋ ላይ አቆምን። ሸራውን በእጄ አሳምሬ ጠቀለልኩት። ገመዱንም ከበሮው ላይ አሳምሬ ጠመጠምኩት። ሁለቱም ሙሉ፣ ሁለቱም የተስተካከሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ገመዱን ሳብኩ፣ ሸራው ቧ ብሎ ተከፈተ! ተጨበጨበልኝ። አሁን ደግሞ ልዝጋው ብዬ ብስብ ከበሮው ላይ ገመድ የለም። አልቋል። የሚከፈት እንጂ የማይዘጋ በር ሠርቻለሁ። ነፋስ መጣ፣ ሸራው እየተንቀለቀለ ዶሮውን ሁሉ በተነው። በጉልበቴ ድኼ አወረድኩት። ትሁኔ በር ላይ ቆማ ስድኽ አየችኝ። እሱ ነው የከፋኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሁለት ከበሮ? ሁለት ገመድ? ስስል ስሰርዝ ዋልኩ። የባለ ሆቴሉን ስልክ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ደብተሬ! ደብተሬ!

ትሁኔ ደጃፍ ተቀምጣ ፈትሏን ከልቃቂቱ ወደ ቀሰሙ ታጠነጥናለች፤ እኔ አጠገቧ ወረቀቴን እቀድዳለሁ። ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አስረዳኋት። እጇን ሳታቆም፦ «አንተ ሰው፣ ልቃቂቱም ቀሰሙም እኩል ሲሞሉ የት አይተሃል? አንዱ ሲጎድል ነው አንዱ የሚሞላ» አለችኝ።

ወረቀት መቅደዴን ተውኩ። ሸራው ሲጠቀለል ከበሮው ባዶ መሆን አለበት። ሸራው በጫፉ ገመድ ተስቦ ሲከፈት ከበሮው ዞሮ የራሱን ገመድ ራሱ ይጠቀልላል። ያኔ ስስበው ሸራው ይዘጋል። በቃ ይሄው ነው! ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዓይኔ ሥር ስታጠነጥን አንድ ቀን እጇን አስተውዬ አላየሁም። አፈርኩ። ደስም አለኝ። ደስታው በለጠ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሠራ። እኔ ስጠቀልለው ግን ሸራው ላልቶ ሆዱ ይነፋል፣ እንደ ሰካራም ጋቢ። ትሁኔ ወዲያ በል አለችኝ። ወጣችና መሪው አጠገብ ተቀመጠች። ደብተሬ፣ ጀልባዋ ላይ ወጣች! በቀኟ የከበሮውን ገመድ ሳበች፣ በግራዋ የሸራውን ጫፍ ገመድ ሳትለቅ ጥቂት ጥቂት አላላችለት፣ ልክ ፈትሉን እንደምትይዘው። ሸራው ጥብቅ ብሎ ተጠቀለለ። እንደገና ከፈተች። እንደገና ዘጋች። እኔ ከታች ቆሜ ዓይኔን አበስኩ። አቧራ ነው አልኳት፤ አላመነችኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ለባለ ሆቴሉ ደወልኩ። ገመዱን የምትይዘዋ አልፈቀደችም፣ አበባህን ሌላ ቦታ ትከል አልኩት።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ጣና ነን። መሪው የእኔ፣ የፊት ሸራው የእሷ። እኔ እስከ መጨረሻው ከመቀመጫዬ ላልነሳ ምያለሁ፤ ያስማለችኝ እሷ ናት። አሁንም ግቢ ሆና ብቻዋን ስትከፍት ስትዘጋ ኩሽኔታው ይሰማኛል። እየጠራችኝ ነው፣ ነፋስ መጣ፣ ና መሪውን ያዝ እያለች።