ኒያዬ ሌላ ነበር

አይደለም! ጆርጂያ ይሻላል ያልኩት ለልጁ ብዬ አይደለም፤ ላንቺም ብዬ አይደለም። ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ። ግን ሰሞኑን ዕቃ ሳጥብም፣ ስሰግድም፣ ጉልበቴን ቅባት ስቀባም ከራሴ ጋር የምጨቃጨቀው ይሄንኑ ነው፤ ካልተነፈስኩት ሊያፈነዳኝ ነው።

እስቲ ቆይ፣ ሰላምታ ሳልሰጥ ዘው ብዬ ገባሁ። ማህሩዬ፣ የሆዴ ፍሬ፣ አሰላሙ አለይኪ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ያ ማስቀት የሚሉት እሳት አገር ቀለል አለላችሁ ወይስ አሁንም ማቀዝቀዣው ስር ተወትፋችሁ ነው የምትውሉት? ባልሽ ባህማንስ ጨጓራው ተሻለው? ያን የቆርቆሮ ዓሣ ተው በይልኝ። እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ሁሉም ነገሬ ደህና ነው። ምላሴማ ከሁሉም በላይ ጤነኛ ነው፤ ጉዱም እሱ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። ባህማን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚለቀው። ደግሞም ሞክሬዋለሁ። ትናንት ሁለቴ ደውዬ ስለ ሩዝ ያወራሁሽ ትዝ ይልሻል? ለዚህ ነበር የደወልኩት። «እማ ምን ሆነሻል?» ስትዪኝ እንባዬ ሊቀድመኝ ሲል ወደ ሩዙ ሸሸሁ። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል እየሞነጫጨርኩ ነው፤ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽም ታገሺኝ። ጎረቤታችን ቱራን ወንድሟን ልትጠይቅ ዛሬ ማታ ወደ እናንተ ትሳፈራለች፤ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ቅዳሜ ጆርጂያ፣ ትብሊሲ ሄዳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይድረስሽ ብዬ ነው ይሄ ሁሉ ጥድፊያ።

እንግዲህ ስሚኝ። ያ ዕጢ ማህፀንሽን ይዞት ከሄደ በኋላ ዶክተሩ «ዘራችሁን ሌላ ሴት ትሸከምላችኋለች» ሲል አብሬሽ ነበርኩ። ሐኪም ቤት መሆኑን ረስቼ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ነርሷ ደንግጣ ትሪ የጣለችው በኔ ምክንያት ነው። ከዚያ «የት ይሁን?» መጣ። ባህማን ትብሊሲ አለ፤ «እዚያ ወረቀቱ ከመጀመሪያው በእኛ ስም ይወጣል፣ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት አንንከራተትም» ብሎ። አንቺ ኢስፋሃን አልሽ፤ «እዚያ የምትሸከምልንን ሹኩፌን አይቻታለሁ፣ ልጆቿን እንዴት እንደያዘች አይቻለሁ፣ ዓይኗን ወድጄዋለሁ» ብለሽ። ሁለታችሁም ልክ ነበራችሁ፤ ለዚህም ነው ተፋጥጣችሁ የቀራችሁት። በመጨረሻ «እማ፣ አንቺ ሐጂ ነዋብ ዘንድ ሂጂና ቁርአን አስገልጠሽ ኢስቲኻራ አስከፍቺልን፤ ቁርአኑ ያለው ይሁን» አላችሁኝ። አምናችሁኝ። እኔን!

ሄድኩ። ሐጂ መስጊዱ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ሮማን ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። እጃቸውን ታጥበው ውዱእ አደረጉና ቁርአኑን ይዘው ተቀመጡ። እንደ ወጉም «ኒያሽን፣ የምትጠይቂውን ሐሳብ፣ በልብሽ ያዢ፤ ለኔ አትንገሪኝ» አሉኝ። ያዝኩ። «ልጄ ልጇን በኢስፋሃን፣ በሹኩፌ ሆድ ታሳድገው ወይ?» ብዬ ጀመርኩ። ወላሂ ጀምሬ ነበር! ግን የኔ ልብ መች አንድ ቦታ ይቆማል? ሹኩፌ ሆዷ ገፍቶ ልትጠይቀኝ መጥታ በራችንን አልፋ ስትገባ ታየኝ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ሲንሾካሾክ ታየኝ። ሐጂ ቁርአኑን በከፈቱባት ቅጽበት ልቤ ውስጥ የነበረው ሌላ ነበር። «ሩቅ ይሁን፣ ማንም ሳያውቅ ይሁን፣ ከአፋቸው አድነኝ» ነበር የሚለው።

ሐጂ አነበቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁና «መጥፎ ነው። በጣም መጥፎ። ተይው» አሉ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ከመስጊዱ ግቢ ሳልወጣ ስልኬን አውጥቼ «ኢስፋሃን መጥፎ ወጥቷል» አልኩሽ።   «እሺ እማ፣ ኸይር ነው» ብለሽ ዘጋሽው፤ እኔም እፎይ ብዬ ዳቦ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። እፎይ ማለቴ ነው የሚያቃጥለኝ።

ምን ፈርተሽ ነው ትዪኛለሽ። የገዛ ቀልዴን ነዋ! ቱራን ያኔ ከቴህራን ልጇን አቅፋ ስትመጣ፣ ሌላ ሴት ወልዳላት እንደሆነ ሁላችንም ሰምተን ነበር። የአሽራፍ ለቅሶ ቤት ተሰብስበን የኪራይ ድስት ስናጥብ፣ ይቺን ምላሴን በላኝና «የቱራን ልጅም በኪራይ ድስት ነው የበሰለችው» አልኩ። ሴቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ «ሲመልሱት ቂጡን ፈትገውታል ወይ?» አለች። እኔ ደግሞ መች ልሸነፍ፣ «መያዣ ያስያዙት ባሏን ነው፤ ስለዚህ ነው የማይታየው» አልኩ። ለቅሶ ቤት መሆኑም ተረሳ። ሳቃቸው ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ቀልዱ ግን እዚያው ታጥቦ አልቀረም። ሰፈሩን ዞረ። ኒሉ የሚል ያማረ ስም እያላት ዛሬም «ድስቲቱ» የሚሏት አሉ፤ ልጅቷ መንገድ ላይ በዚያ ስትጠራ ዞር ትላለች፣ ስሟ መስሏት። ቱራን ማን እንደጀመረው ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። ሰላምታዋን አንድ ቀን አጓድላብኝ አታውቅም፤ ብታጓድል በወደድኩ።

እና ሹኩፌ በራችንን ካለፈች ያው ድስት ዞሮ እኔው ራስ ላይ ሊገለበጥ ነው ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው። የገዛ አፌን ሸሽቼ ነው ልጅሽን ባሕር ላሻግረው የነበረው።

ይሄን ሁሉ እንኳ ውጬው እቀመጥ ነበር፤ ታውቂኛለሽ። ሹኩፌ ራሷ መጣችብኝ። ከኢስፋሃን በአውቶቡስ፣ ጣፋጭ በካርቶን ይዛ። ሻይ ቀዳሁላት። «ምሳ ብዪ» አልኳት፤ እሷም እንደ ወጉ «አይ፣ አላስቸግር» አለች። እኔ አንዴ ብዬ ተውኩት። ገባሽ? ሁለተኛ አላልኩም፣ ሦስተኛ አላልኩም፣ በሞቴ አላልኩም። የሩዙ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ያን ያህል መንገድ የመጣችን እንግዳ በመጀመሪያ ቃሏ አሰርኳት። የወንድምሽ ሚስት ማንዳና ከኩሽና ብቅ ብላ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ኋላ «እማ፣ ድመቷን እንኳ ሦስቴ ነው የምትጠሪያት» አለችኝ። 

ሹኩፌ ስኳሩን በጥርሷ ይዛ ትንሽ ፉት አለችና «እማማ፣ ልወቅስ አልመጣሁም» አለች። «የሺራዝ ባልና ሚስት እንድሸከምላቸው ጠይቀውኛል። መልስ ሳልሰጣቸው ምን አጉድዬ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው። ቤቴ ማህሩን አስጠልቷት ነው? ልጆቼ ጮኸውባት ነው?» እኔም «ቁርአኑ ነው ያለው» አልኳት፣ ምንጣፉን እያየሁ። «እንግዲህ እሱ ካለ» ብላ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

በሩ ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ ግን «ብቻ ማህሩ አሳዘነችኝ» አለች። «ኢስፋሃንን የመረጥኩት ለሐኪሙ ብዬ አይደለም ብላኛለች እኮ። እኔ ማስቀት ነኝ ትላለች፣ ልጄ ሆድ ውስጥ እያለ ድምፄን አይሰማም። እናቴ ግን ካሻን ናት፣ በአውቶቡስ ትመጣለች። ሐሙስ ሐሙስ አጠገብሽ ትቀመጥና ዝም ብላ ታውራ፤ እኔ በሷ ወሬ ነው ያደግኩት፣ ልጄም እሱን ሰምቶ ይምጣ አለችኝ። እኔስ ጆሮዬን ምን ላድርገው ብላት፣ ጥጥ እገዛልሻለሁ አለችኝ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሩቅ አልሄደም። ወጣች።

ማህሩዬ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ቱባ፣ እስቲ አፍሽን ሰብስቢ» ሲሉኝ ነው የኖርኩት። አባትሽ፣ አላህ ይማራቸው፣ «ሬዲዮ እንኳ ባትሪው ያልቃል» ይሉኝ ነበር። ለዚህ አፍ ብሎ አገር የሚመርጥ ሰው በዓለም ላይ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። ያ ሰው ደግሞ አንቺ። ለምን ለኔ አልነገርሽኝም? ቢነግሩኝማ እስከ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ድረስ ሳወራው እውላለሁ፤ እሱንም ታውቂያለሽ። ያን ቀን ሩዙ ማንም ሳይነካው አደረ።

በማግስቱ ጉልበቴን እየጎተትኩ ሐጂ ዘንድ ተመለስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድስቱን ሳይቀር። «አንድ ሌላ ይክፈቱልኝ» ብዬ ለመንኩ። «አልከፍትልሽም!» አሉ። «ኢስቲኻራ ግራ ለገባው ሰው ነው፣ ቱባ። አንቺ መች ግራ ገባሽ? ቆርጠሽ ጨርሰሽ እኔን ማኅተም ልታደርጊኝ መጣሽ። እሱም በሰው ጉዳይ፣ የራስሽን ኒያ ይዘሽ!» አንገቴን ደፋሁ። ልወጣ ስል ጠሩኝና አንድ ሮማን እጄ ላይ አስቀመጡ። «ያን ጊዜ በልብሽ የያዝሽው መደበቅን ከሆነ፣ መጥፎ ነው መባሉን ሰምተሻል» አሉኝ። ሮማኑን አልበላሁትም፤ መስኮቱ ላይ ያየኛል።

ስለዚህ ያ ኢስቲኻራ ያንቺ አይደለም፤ የኔ ነው። መልሱንም እኔ እወስደዋለሁ። አሁን ደግሞ ተገልብጬ ኢስፋሃን ግቢ ልልሽ አይደለም፤ አንዴ አዝዤ አይቼዋለሁ። ባህማንም ልክ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት እንዲህ የሚናቅ ነገር አይደለም፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠየቀው እሱ ነው። ብቻ ስትመርጡ የኔ ፍርሃት ሚዛኑ ላይ እንዳይወጣ። ተቀመጡና በራሳችሁ ልብ፣ በራሳችሁ አፍ ተነጋገሩ። ሹኩፌ ለሺራዞቹ መልስ የምትሰጠው ዓርብ ነው፤ ስልኳ አንቺ ዘንድ አለ።

ትብሊሲ ከሆነ እከተልሻለሁ። የዚያች ሴትዮ ሆድ አጠገብ ወንበር ስቤ አወራለታለሁ፤ እሷ ቋንቋዬን ባትሰማ ለጆሮዋ ይሻላታል። ኢስፋሃን ከሆነም ሹኩፌ ሆዷን ይዛ በቀን ብርሃን ትምጣ። እጇን ይዤ በዳቦ ቤቱ ሰልፍ መሐል ነው የማሳልፋት። ምሳ ብዪ እያልኩም እስኪሰለቻት እለምናታለሁ። የሚስቅ ይሳቅ፤ ቀልዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከኔ የተሻለ የሚያወራው የለም። ተቆጪኝ፤ መብትሽ ነው። ብቻ እንደዚያን ቀን «ኸይር ነው» ብለሽ አትዝጊብኝ።

ማንዳና ሰላም ብላሻለች፤ ይሄን ስጽፍ ባጠገቤ እያለፈች «ገና ሰላምታው አላለቀም?» ትለኛለች። ወንድምሽ ቃሲም ጀርባው ድኗል፣ ሥራ ገብቷል፤ ይናፍቅሻል፣ መናገር አያውቅበትም እንጂ። ናዝጉል የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አሮጊት መስላለች፤ «አክስቴን ሳሚልኝ» ብላለች። ባህማንን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ክርክራችሁን በማይሆን መንገድ የዘጋሁባችሁ እኔ መሆኔን ንገሪው፣ አትደብቂልኝ። ለማስቀት ጎረቤቶችሽም ለያንዳንዳቸው ሰላም በይልኝ። የሮማኑን ውሃ አፍልቼ አወፍሬልሻለሁ፤ ጠርሙሱ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ ስትከፍቺው ልብስሽን ተጠንቀቂ።

አሁን የቀረችኝ ቱራን ናት። መንገደኛ ከመውጣቱ በፊት ቤት ለቤት «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» እያለ ይዞር የለ? እሷም ትመጣለች፤ እኔን አውፍ በይኝ ልትል! እሷ እኔን! በደህና እንድትመለስ ከኋላዋ የምደፋላትን ውሃ ሞልቼ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ቃሉ ነው የጠፋኝ። ለቀልድ ሲሆን እንደ ቦይ የሚፈስ አፍ ዛሬ ደርቆ ጠበቀኝ። ደብዳቤውን የምታደርስልኝም እሷው ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ጭኜ፣ ፊቷን ሳላይ ልሸኛት አልችልም።

ካሻን፣ በሜህር ወር፣ ሮማን እየተለቀመ።

በሩ ተንኳኳ። ማንዳና «እማ! መጡ! ክፈቺላቸው፣ እጄ ሊጥ ነው!» እያለች ነው። ቱራን ኒሉንም ይዛት መጥታለች፤ ልጅቷ በሩን ከታች፣ እጇ በሚደርስበት፣ በሁለት መዳፏ እየደበደበች «እማማ ቱባ! እኛ ነን! ክፈቺ!» ትላለች። እናቷ «አውፍ በይኝ» ብላ ከቀደመችኝ አበቃልኝ፤ ቀድሜ መናገር አለብኝ። መጣሁ ኒሉዬ፣ መጣሁ