ወገቤ ላይ የበቀለው

ኅዳር 4
ዛሬም ሞጣ–ቢቸና፣ ሁለት ምልልስ። ወገቤ... ወይ ወገቤ! የሚኒባሱን የሹፌር ወንበር ቀየርኩ። ዘንድሮ ሦስተኛው። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት፣ "ብርድ ነው ልጄ፣ ፌጦ ተቀባበት" አሉኝ። ጎናቸው ያለው ሰውዬ፣ "የለም፣ ኩላሊት ነው።" ቢቸና እስክንደርስ ተከራከሩ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ታኅሣሥ 19
ከመናኸሪያ ቤቴ ድረስ በአንድ ጫማ መጥቻለሁ። ግራው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል። ሳላውቅ! እግሬ ደንዝዟል ማለት ነው? ባለቤቴ ዑሙሰልማ እግሬን አየችው። "አብዱ፣ ወንበሩን ተወው። መታየት ያለብህ አንተ ነህ።"

ጥር 6
ባሕር ዳር ኤም አር አይ ተነሣሁ። ማሽኑ እንደ አሮጌ አይሱዙ ይንኳኳል። ውጤቱ... የወገቤ አጥንት ላይ ዕጢ። ብርቱካን ያህላል። ለዑሙሰልማ ደውዬ "ደህና ነው" አልኳት። "ድምፅህ ደህና አይደለም" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

የካቲት 2፣ አዲስ አበባ
በመርፌ የወሰዱት ናሙና ውጤት መጣ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ አስረዳን።
"ከአጥንቱ ከራሱ የበቀለ ነው፤ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ አይደለም። ይሄ ጥሩ ነው። ግን ቆራርሰን ካወጣነው ተመልሶ ይበቅላል። ከነአጥንቱ፣ ሳይፈርስ እናወጣዋለን። በምትኩ ብረት እንተክላለን።"
"እግሮቼስ?"
"ዕጢው ነርቮቹን ተጠግቷል። በእርግጠኝነት ብነግርዎ እዋሻለሁ።"
ከየት እንደመጣልኝ እንጃ... "ብረቱ ያሰግደኛል?" አልኩት።
"እስከየት ነው የሚጎነበሱት?"
እኔ መጎንበስ አልችል! ስነግረው እሱ ሠራው። ከነነጭ ጋዋኑ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። ነርሷ ገባች።
"ውይ ዶክተር! ምን ሆኑብኝ? ኦክሲጅን ላምጣ?"
ዑሙሰልማ በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች። ስንት ሳምንቷ ሳትስቅ።

የካቲት 20
ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። ደም የሚሰጥ ጠፋ ስንል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አካለ ወልድ! የቢቸናው ሹፌር፣ ተሳፋሪ ስንሻማ የኖርነው።
"ምን አመጣህ?"
"የሚጣላኝ አጣሁ። ሥራው ሰለቸኝ።"
እጅጌውን ሰብስቦ ገባ።

የካቲት 24
አለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ አሉ። ዕጢው ሙሉውን ወጥቷል። ቀኝ እግሬ ይንቀሳቀሳል። ግራው... ገና።

ሰኔ 11
ሹፌርነት ቀርቷል። ዶክተሩ፣ "ብረቱ ለእናንተ መንገድ አልተሠራም" ብሎኛል። ዛሬ ወደ ቢቸና የሄድኩት ተሳፋሪ ሆኜ ነው፤ አልታዘዝ ያለኝን ግራ እግሬን በክራንች እየጎተትኩ። አካለ ወልድ ጋቢና ጎኑ አስቀመጠኝ። እንዴት ይነዳል ይሄ ሰው! ጠመዝማዛው ላይ ጎማው ሲጮህ ዓይኔን ጨፈንኩ።
"አንተ ሰው!" አለኝ፣ "ወለሉን ልትበሳብኝ ነው እንዴ?"
ወደ ታች አየሁ። ቀኜ ፍሬን ይረግጣል፤ በሌለበት። ግራዬ... ግራዬ ደግሞ ፍሪሲዮን።