አባዬ፣ ያ ንግግር የእሱ አይደለም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሡት? እማዬስ ዓይኗን ታየች? የአክስቴ ሳል ለቀቃት? እኔ ከትከሻዬ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የፌዴራል ምክር ቤቱን ወሬ ስተይብ እውላለሁ።

እህቴ በስልክ እንደነገረችኝ ዘንድሮም ለዚያው ለተመራጫችን ሽንጥዎን ገትረው ይከራከራሉ አሉ። ንግግሩ የታተመበትን ወረቀት ይዘው በየቤቱ እየዞሩ፣ "ልጄን ያስታወሱ እሳቸው ብቻ ናቸው" ይላሉ አሉ። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ እንጂ ከእንግዲህ ዝም አልልም።

የሰውዬውን መዝገብ አውጥቼ አየሁት። በአምስት ዓመት አፉን የከፈተው ስድስት ጊዜ ነው። አንዴ ማይኩ አልሠራ ብሎት፣ አንዴ መስኮቱን ዝጉልኝ ለማለት፣ ሦስቴ ደግሞ "እኔም እደግፋለሁ" ብሎ ቁጭ ብሏል። ስድስተኛው እርስዎ ኪስዎ ውስጥ አጣጥፈው የያዙት ነው።

እኛ ክፍል ንግግር እንደወረደ አይጻፍም። ሳሉን እናወጣለን፣ "እእ" የሚለውን እንሰርዛለን፣ ተንጠልጥሎ የቀረውን ሐሳብ እንቋጫለን። የዚያን ቀን ቴፑ ላይ ያለው ይኸው ነው፦ "የወንዙም ድልድይ... እእ... እሱም ነገር ቢታሰብ... አመሰግናለሁ።" በቃ። እኔ ግን ወንዙ ሲነሣ እጄ አልቆም አለኝ። "የልጃቸው ቦርሳ ከነደብተሩ ታች ሰፈር ተገኝቶ ልጁ ያልተገኘላቸው ወላጆች አሉ" ብዬ ጨረስኩለት። አለቃዬ ሥራ በዝቶበት ሳያየው አሳለፈው።

ሰውዬው ሊፈርም መጥቶ ሲያነበው አጠገቡ ቆሜ ነበር። "እንዲህ ብያለሁ እንዴ? ጎሽ!" አለና ፈረመ፤ በማግስቱ አምስት መቶ ኮፒ አስባዛ። ደሜ ፈላ። ሆኖም ድልድዩ ይሠራ እንጂ ማንም ይናገረው ምን ቸገረኝ ብዬ ዋጥኩት። ጥፋቴ እሱ ነው። ድልድዩ ለድምፅ የቀረበ ቀን ከስሙ ትይዩ "አልተገኙም" ብዬ የተየብኩትም እኔው ነኝ። የት እንደነበር የጠየቀው የለም።

ይህን ሳወጣ ከሥራዬ ሊያባርሩኝ ይችላሉ፤ ያባርሩኝ። ይህን ደብዳቤ፣ የንግግሩን ወረቀት ላሳዩዋቸው ሰዎች ሁሉ ያሳዩልኝ። ወንድሜን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያስታወሰው ሰው የለም አባዬ። እኔ ነኝ በሰው አፍ ያስታወስኩት።

አክስቴን ሳሉን ችላ እንዳትል ይንገሩልኝ። እህቴን ከነልጆቿ ይሳሙልኝ፤ ትንሹ ጥርሱ ወለቀ ወይ? ጎረቤታችንን ፀጉር አስተካካዩንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ከጅምሩ ሰውዬውን አላመነውም ነበር፣ አሁን ልቡ ደስ ይበለው።

ለእማዬ እንዴት እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ። በየማለዳው ሰውዬውን ትመርቃለች አሉኝ። ያን ምርቃት ወደ እኔ ታዙርልኝ።

ልጅዎ

ከቃለ ጉባኤ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ
ሰኞ፣ ምርጫው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው