የማይታጠፍ ቅጠል

ሶንጋፖ፣ ሐምሌ 3 ቀን
የገበያ ዋዜማ፣ ዝናብ

ይድረስ ለልጄ ለሶልሚ፤

«ደህና ነሽ ወይ?» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ወረቀት እየጀመርኩ የምጥለው እዚያችው ቃል ላይ ስደርስ ነው። መልሱን እፈራዋለሁ። ስለዚህ ሰላምታውን ላቆየውና መጀመሪያ ሆዴን የሚበላኝን ልንገርሽ።

በሚያዝያ፣ በባሕር ቅጠሉ በዓል ጠዋት መደቤ ፊት ቆማ የነበረችው ሴት አንቺ መሆንሽን ያወቅሁት ገና ባለፈው የገበያ ቀን ነው። የነገረችኝ ቦክሱን ናት፤ ያቺ ገበያው ጫፍ ላይ ኑድል የምትሸጠው፣ ልጅ ሳለሽ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በነጻ ታበላሽ የነበረችው። ከዚያ ወዲህ ገዢ ሲያናግረኝ ሌላ ነገር እመልሳለሁ።

የዚያን ጠዋት ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ ግን አታውቂም። የዘንድሮው በዓል ትልቅ ነበር። ወደቡን በባንዲራ አሸብርቀውት፣ ከከተማ ዘፋኝ አስመጥተው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። ከጎኔ ሳሙናና ሻማ የሚሸጡ ወጣቶች መጥተው ነበር፤ ዕቃቸውን ሲደረድሩ እንደ ሙሽራ ክፍል፣ የሚገዛቸው ግን የለም፣ ሰው ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እኔ እንደ ድሮዬ ከዓሣ ጨረታው አዳራሽ አጠገብ ነኝ። የደረቀውን ዓሣ ፊት ለፊት፣ የደረቀውን የባሕር ቅጠል ከኋላ፣ ለወላድ ሾርባ የሚሆነውን ረጅሙን የአራስ ቅጠል ደግሞ ለብቻው አጋድሜ አስጀማሪ እጠብቃለሁ።

አስጀማሪ ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በዚያ ነው ያደግሽው። የማለዳዋ የመጀመሪያ ገዢ ነክታ ነክታ ሳትገዛ ከሄደች ቀኑ ደረቀ ማለት ነው። በበዓል ቀን ከሆነ ደግሞ ክረምቱም አብሮ ይደርቃል።

አንቺ መጣሽ። ሰፊ ካፖርት፣ ኮፍያ፣ እስከ ዓይንሽ ሥር የደረሰ ጭምብል። ዓሣውን አለፍሽና ቀጥ ብለሽ የአራሱን ቅጠል በሁለት እጅ ነካሽ። በዚያ እንኳ መንቃት ነበረብኝ፤ የከተማ ሰው በሁለት ጣት ነው የሚያነሣው። ዋጋውን ጠየቅሽኝ፤ ነገርኩሽ። በአራስ ቅጠል ላይ ክርክር እንደሌለ፣ ዋጋ የሚቀንስ ከሕፃኑ ዕድሜ እንደሚቀንስም አከልኩልሽ።

«ለማን ነው ልጄ?» አልኩሽ። ልጄ ብዬሻለሁ እኮ። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንደምለው።

«ለራሴ» አልሽ።

ሳቅሁ። የገበያ አፍ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል። «ምነው፣ እናትሽ እጅ የላትም እንዴ? የአራስ ቅጠል ሴት ለራሷ ትገዛለች? ሂጂና ንገሪያት፣ እሷ ትምጣና ትግዛልሽ» አልኩሽ።

ቅጠሉን እንዳይሰበር ቀስ ብለሽ መለስሽው። ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ሰላምታ ሰጠሽኝና ሄድሽ። እኔም ከመደቡ ሥር ካለው ከረጢት ክፉ ማባረሪያውን ጨው ዘገንኩና በጀርባሽ ላይ በተንኩ። «ገደ ቢስ! ሁለተኛ እግርሽ እዚህ አይድረስ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ጎረቤቶቼ እንዲስቁ። ሳቁም።

ይባስ ብሎ ያን ቀን ገበያው ቀናኝ። እኩለ ቀን ሳይሆን ዓሣው አለቀ። ቦክሱን ዘንድ ሄጄ «ያቺን በጨው ባላባርራት ኖሮ» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ። ቦክሱን ሾርባዋን እያማሰለች ዝም አለች። ዝም ማለት የማታውቅ ሴት ዝም ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

እንዴት አላወቅሽኝም ብትዪኝ ሰበብ አላጣም። ጭምብሉ አለ፣ የባሕሩ ጭጋግ አለ፣ ቀኝ ዓይኔን የጋረደው ሞራ አለ። አነጋገርሽም የኛን ቃና ጥሎ የሴኡል ሰው አነጋገር ሆኗል። ግን ሰበብ ሰበብ ነው። እናት ልጇን በኮቴዋ ታውቃለች ይላሉ፤ እኔ ፊት ለፊቴ ቆመሽ አላወቅሁሽም።

ሎክን ወድደሽ፣ አባትሽ «የጀልባዬን ሠራተኛ፣ ያውም ቬትናማዊ፣ አማች ብዬ አልጠራም» ብሎ ሁለታችሁንም ያስወጣ ቀን፣ ወፍራም ጃኬትሽን ይዤ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ሮጬ ነበር። ይህን አታውቂም። ስደርስ አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር አየሁት። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት በዚህ የባሕር ዳርቻ ያልዞርኩበት በየአምስት ቀኑ የሚቆም ገበያ፣ መደብ ያልዘረጋሁበት በዓል የለም። የሸርጣኑም በዓል፣ የአንቾቪ ዓሣውም በዓል፣ የአዲስ ዓመቱ ፀሐይ መውጫም። ሰው ገንዘብ የራበኝ ይመስለዋል። እኔ የምሄደው ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ ስለሆነ ነው። ቬትናማውያን ሠራተኞች በቡድን ሲያልፉ «ሎክ የሚባል ታውቃላችሁ? ጀልባ ላይ ይሠራ የነበረ፣ ሚስቱ የኛ ልጅ?» እላቸዋለሁ። ዕዳ የምሰበስብ እየመሰላቸው ይሸሹኛል። እንዲህ ስፈልግሽ ኖሬ፣ በእግርሽ መጥተሽ ፊቴ ስትቆሚ ጨው በተንኩብሽ። ይህን ለማን ብዬ ልንገር?

ባለፈው የገበያ ቀን ዝናቡ ገዢውን አባረረውና ቦክሱን ወደ ድንኳኗ ጠራችኝ። ትኩስ ኑድል አቀረበችልኝ፤ ዓይኔን ግን አታይም።

«አንቺ የሶልሚ እናት፣ ብትመቺኝም ይገባኛል፤ ግን ነግሬሽ ሳልጨርስ አትምቺኝ» አለች።

ያን ጠዋት ከእኔ እንደ ሄድሽ እሷ ዘንድ ገብተሽ ጭምብሉን ስታወልቂ ወዲያው ዐወቀችሽ። ከፀጉርሽና ከትከሻሽ ላይ ጨውን በፎጣዋ አራገፈችልሽ። ካፖርቱን ስትከፍቺው ሰባት ወር የሆነውን ሆድሽን አየች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዘሽ ሁለቱም እንዳልቆዩልሽ ነገርሻት። ያሁኑ ግን ከእናቴ መደብ የመጣ ቅጠል ቤቴ ውስጥ ካለ ይቆይልኛል ብዬ ነው የመጣሁት አልሻት። እንዳትነግረኝም አስማልሻት። ለምን ስትልሽ የመለስሽላትን ቃል በቃል ነው የነገረችኝ።

«ቢቆይልኝ ይዤው እመጣለሁ። ባይቆይልኝ ግን እንዳላየችኝ ትሁን» አልሽ።

ታዲያ አሁን ለምን ነገርሽኝ አልኳት። ስልክሽን እንደማታነሺ፣ የመውለጃሽ ቀን ካለፈ እንደቆየ፣ በሰጠሻት አድራሻ የጎመን ኪምቺ ልካልሽ ደርሶኛል እንኳ እንዳላልሽ ነገረችኝና ማልቀስ ጀመረች።

አልመታኋትም። እንዲያውም ያን ጨው ያራገፈልሽን እጇን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው ነፍሰ ጡርን ይጎዳል ወይ አልኳት። «ጨው የሚያባርረው ክፉን ነው፤ ክፉ አብሯት ከነበረ አንቺው አባረርሽላት» አለችኝ። እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ንጹሕ ውኃ በሳሕን አስቀምጬ ወላድና ሕፃን ጠባቂዋን መንፈስ፣ የወላዶችን አያት እለምናለሁ። የበተነው የእኔ እጅ ነው፤ ቂም ካለሽ እጄን ውሰጂ፣ የልጄን ልጅ አትንኪ እላታለሁ።

ስለ አባትሽ አልጠየቅሽኝም፤ ሳትጠይቂኝም ልንገርሽ። ካቻምና የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ግራ ጎኑን መታው። ጀልባዋ ተሸጠች። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሰው ጀልባ ሲወጣና ሲገባ ይሳደባል፤ ምላሱን አልነካውም። ትናንት የአራስ ቅጠሎቹን አውርጄ ሳገላብጥ ለማን ነው አለኝ። ለገዢ ነው አልኩት። የት ያለች ገዢ አለ። አንሳን ከተማ አልኩት፣ ቦክሱን በሰጠችኝ አድራሻሽ ላይ ያለውን። ስምሽን አላነሣሁም፣ በዚህ ቤት ስምሽ ከተነሣ ዘመን አልፎታል። ቅጠሎቹን አየና «እሱ አይሆንም። ጣሪያው ሥር የሰቀልሽውን አውርጂ» አለኝ።

ጣሪያው ሥር ያለው የሚሸጥ አይደለም። ባሕር ጠላቂዎቹ ከውጭኛው አለት ሥር ከሚያወጡት ቅጠል ውስጥ ምርጡን በየዓመቱ አንድ እሰቅላለሁ፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን አወርዳለሁ። ለምን እንደምሰቅለው ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ነግሬው አላውቅም። ቅጠሉን ፊቱ ሳጋድምለት የገለባውን ገመድ ስጪኝ አለ። በደህናው እጁና በጥርሱ አሰረው። አላምር ሲለው ፈታው፣ እንደገና አሰረው። እንዳላግዘው ፊቴን አዞርኩ። ይቅር በዪው ብዬ አልለምንሽም። ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

የዕቃ ማጓጓዣው ሠራተኛ ካልታጠፈ ሳጥኑ አይበቃም አለኝ። «እማማ፣ ቅጠል እኮ ነው፣ ውኃ ሲነካው ይዘረጋል» ይለኛል። የአራስ ቅጠል እንደማይታጠፍና እንደማይሰበር፣ ከታጠፈ ምጡ እንደሚከብድ የማያውቅ የባሕር ዳር ልጅ አለ? «አንተን እናትህ አጥፋ ነው የወለደችህ?» አልኩት። ሳቀና ከጓዳ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የመጣበትን ረጅም ሳጥን ፈልጎ አመጣልኝ። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የዘንግ ሥዕል ብታዪ የሰው ዕቃ ነው ብለሽ እንዳትመልሺው።

ሲደርስሽ የሚዘፈዝፈው ሎክ ይሁን፤ አንቺ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳትነኪ፣ ብርዱ ጅማትሽ ውስጥ ይገባል። በሰሊጥ ዘይት ጠበስ ያድርገው፣ ከዚያ ውኃ ጨምሮ ቀለሙ ወተት እስኪመስል ያፍላው። ቸኩሎ እንዳያወርደው። በአገሩ ልማድ የዓሣ መረቁን ልጨምርበት ካለም ይጨምር፤ እኔ አልቆጣም። ሁለቱን ስታጪ አብሮሽ የነበረው እሱ ነው። እኔ መሆን የሚገባኝ ቦታ ላይ እሱ ነበር፤ ከአፌ እንደ ሰማሽ አድርገሽ አመሰግንሃለሁ ብላለች በዪው።

አሁን እስካሁን የሸሸሁትን ልጻፍ። ቢቆይልኝ ይዤው እመጣለሁ ብለሻል። ሐምሌ ገባ፣ አልመጣሽም። ሕፃኑ ለመንገድ ገና አልጠናም ይሆናል፣ ስልኳም ተበላሽቶ ይሆናል እያልኩ ነው የምውለው። እንደዚያ ከሆነ ይህ ደብዳቤ የአሮጊት ቅዠት ነው፣ ከሎክ ጋር ሳቁብኝ።

ካልሆነ ግን፣ ካልቆየልሽ ግን፣ ሳጥኑን ሳትከፍቺ ግድግዳ ላይ አስደግፈሽ እንዳትተዪው። ሶልሚ፣ ከአንቺ በፊት ወንድም ነበረሽ። ማንም አልነገረሽም። ጠዋት ተወልዶ ጀልባዎቹ ሳይመለሱ ሄደ። አያትሽ የተዘጋጀልኝን ቅጠል ከድስቱ አጠገብ አንሥታ ገበያ ወሰደችው፤ «የሚጠባ ሳይኖር የምን የአራስ ሾርባ ነው» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፣ ችግር ነበረባት። በማግሥቱ የቅጠል ማድረቂያው ላይ ቆሜ ዋልኩ። ጡቴ እያፈሰሰ ቀሚሴን ያረጥበው ነበር፣ ሰውም ያያል፣ አይቶም ወደ ባሕሩ ይዞራል። ስም አላወጡለትም። እንኳን ለዚህ አበቃሽ ያለኝ፣ አይዞሽ ያለኝ፣ ተኚ ያለኝ አልነበረም።

ስለዚህ እኔ ልበልሽ። ወልደሻል። አጠገብሽ የሚያለቅስ ኖረም አልኖረም አራስ ነሽ፣ ሾርባው ያንቺ ነው። ተኚ። ሎክ ያቅርብልሽ፤ ትኩሱን፣ እያላበሽ፣ የሳሕኑ ሥር እስኪታይ ጠጪው። ለልጁም ስም አውጡለት፣ ስሙንም ላኪልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ውኃውን ሳስቀምጥ በስሙ እጠራዋለሁ።

ወገብሽ ይጽና። ሰማይ ጉልበትሽን ይመልስልሽ፣ ሎክንም ይጠብቅልሽ፣ ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ። በየአምስት ቀኑ እዚያው መደቤ ላይ ነኝ። የምታመጪው ካለ ይዘሽው ነይ። ከሌለም ባዶ እጅሽን ነይ።

የሶልሚ እናት