ስፌዱ የለቀቀው ቀለም

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለሐረገ ወይን፣ ሐዋሳ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቆሞ መዋል ያሳበጠው እግርሽ ተሻለሽ ወይ? የፋብሪካው የጨርቅ ብናኝ ያመጣብሽ ሳልስ ተወሽ? እኛ በአካል ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች። የቀረውን ግን ደህና ነን ብዬ አልዋሽሽም።

ከሁሉ በፊት ይህን ስሚኝ። በኅዳር በሹፌሩ የላክንልሽን በርበሬ ዛሬውኑ ድፊው፤ ለሰውም እንዳትሰጪ። በስልክ ያልነገርኩሽ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ብቻ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አርብ ዕለት፣ ቀለመ ወርቅ የሚባል ምግብ መርማሪ ገበያ መጣ። የክብሪት ቤት የምታህል መሣሪያ ይዟል። በርበሬውን በውሃ በጥብጦ ጠብታውን ወረቀት ላይ ያደርግና እሷ ውስጥ ይከተዋል፤ እሷ ብርሃን ታበራበትና ያየችውን ስልኩ ላይ በመስመር ታወጣዋለች። ዓይን የማይለየውን ቀለም ትለያለች። የሌላው ሻጭ ሁሉ ደህና ሆኖ የእማ ላይ መስመሩ ተነሳ። የጨርቅ ቀለም አለበት አለ። እማ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ማርያምን፣ በርበሬዬን ቀለም አልነካውም ብላ ማለች።

እኔን ታውቂኝ የለ፣ ደሜ ፈላ። ስምህ ቀለመ ወርቅ ስለሆነ ሁሉ ነገር ቀለም ይመስልሃል አልኩት። ገበያው ሳቀ። እሱ ግን ሳይቆጣ፣ እንግዲያው ቤታችሁ ሄደን ከሥሩ እንፈልገው አለኝ።

ቤት ስንደርስ ያልተወቀጠውን ዛላ ራሴ አድቅቄ፣ ራሴ በጥብጬ መሣሪያዋ ውስጥ ከተትኩት፤ ንጹሕ ነው። ነጭ ሽንኩርቱም ዝንጅብሉም ንጹሕ። አብሮ ተወቅጦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀው ላይ ግን ያ መስመር አለ። በመሀል ምን ነካው ብዬ ዞር ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። እኔ የሰፋሁት ቀይ ስፌድ ተሰቅሏል፤ መሀሉ ገርጥቷል።

እታለም፣ የስፌዱን ሣር፣ አለላውን፣ የነከርኩት እኔ ነኝ፣ ገበያ በወረቀት ጠቅልለው በሚሸጡት የጨርቅ ቀለም ዱቄት። እማ፣ ቀለሙ እንዲይዝ በደንብ አፍይው፣ ከዚያ እጠቢው ብላኝ ነበር። ትዕግሥት ከየት ይምጣ፤ ሳይፈላ አወጣሁት። ርጥቡ በርበሬ እላዩ ሲሰጣ ቀዩን ጠጣው። እማ ደግሞ ዘንድሮ የበርበሬዬ መልክ አማረ እያለች ደስ ብሏት ነበር። ከስፌዱ ትንሽ ቆርጠን ስንመረምር ያው መስመር ወጣ።

ቀለመ ወርቅ ተማሪ ነሽ ወይ አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ መምህሩ ቀለም አይዘልቅሽም ሲለኝ ጠመኔውን ወርውሬበት ወጣሁ አልኩት። ሊስቅ ብሎ ተወው።

እማ ስትሰማ የቀረውን በርበሬ ጓሮ አውጥታ ደፋችው። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ማኅበርተኞቿ ለጽዋው በርበሬ አታምጪ ብለዋታል፤ እሷን ያጎበጣት ግን መሐላው ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ በሐሰት ምዬ እንዴት እገባለሁ ብላ ከቅጽሩ ውጭ ተሳልማ ተመለሰች።

በሚቀጥለው አርብ ስፌዱን ተሸክሜ እማ የማለችበት ቦታ ላይ ቆምኩ። እናቴ አልዋሸችም፣ ቀለሙ የመጣው ከእኔ ስፌድ ነው፣ የገዛችሁ እንዳትበሉት፣ መልሱልን ብዬ ለፈፍኩ። ጨው ሻጯ እትዬ ውዴ፣ ይህ ምላስሽ ዛሬ ገና ለቁም ነገር ዋለ አለችኝ። መልስ ነበረኝ፤ ዋጥኩት። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ይህን ሰምተው እማን አስጠሯት፤ የማልሽው ባወቅሽው ነው፣ ግቢና ተሳለሚ አሏት። ለእኔ ስግደት ሰጡኝ። ስንት እንደሆነ ጉልበቴ ያውቀዋል።

ከእኔ ጋር ግን ገና አልታረቀችም ነበር። ትናንት ያልተነከረ ስንደዶና አክርማ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። ነጩን ስፊው አለችኝ። ከማለዳ ጀምሮ እየሰፋሁ ነው፤ ይህን የምጽፍልሽም ጣቴን ላሳርፍ ብዬ ነው።

ጾም ሳይገባ እንዲደርስሽ አዲስ በርበሬ ልኬልሻለሁ፤ ንጹሕ ነጠላ ላይ የደረቀ ነው። እንደ በፊቱ ደም አይመስልምና እንዳትጠራጠሪ፤ የበርበሬያችን መልክ ይሄው ነበር።

አባባ ገብሱ ደህና ገባ፣ አታስቢ ይልሻል። ትንሹ ዓለምነህ ስትመጪ ኳስ እንዳትረሺ ብሏል። እማ ያን በርበሬ መድፋትሽን ሳትሰማ እንቅልፍ የላትም፤ ኔትወርክ ባገኘሽ ጊዜ ደውይላት። አብራሽ የምትኖረውን ሀይማኖትን ሰላም በይልኝ፤ ከበርበሬው በልታ ከሆነ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ቀለም የዘለቃት እህትሽ፣
ልዕልት ዋለ

አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.